ናፍጣው አልረጋም፦ የደጋ ብርድና የአሮጌ የመስክ መኪኖች የማለዳ ችግር

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደባርቅ ወይም በባሌዋ ዲንሾ የሚያድር የናፍጣ መኪና ሹፌር ማታ የሚያቆምበትን ቦታ በጥንቃቄ ይመርጣል። ቁልቁለት ይፈልጋል፤ የመኪናዋንም አፍንጫ ወደ ታች ያዞራል። ማለዳ ሞተሩ እምቢ ካለ ፍሬን ለቆ፣ ማርሽ አስገብቶ በቁልቁለቱ ሊያስነሳት ነው። ሜዳ ላይ ያደረ ደግሞ ሰው ለምኖ ያስገፋል። ምን ሆና ነው ሲባል የሚሰጠው መልስ ከአገር አገር አይለያይም፤ «ብርዱ ነው፣ ናፍጣው ረግቷል» ይባላል።

መልሱ በአብዛኛው ስህተት ነው። ስህተቱም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ የችግሩን ምክንያት በተሳሳተ ቦታ የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱንም ከተሳሳተ ቦታ ያመጣል። ናፍጣው ረግቷል ብሎ ያመነ ሰው ከሞተሩ ሥር ከሰል ያቀጣጥላል፣ በአየር ማስገቢያው ላይ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይይዛል፣ ታንከሩ ውስጥ ነጭ ጋዝ ይጨምራል። እውነተኛው ብልሽት ግን አልተነካም። ክረምትና በጋ እዚያው ተቀምጦ፣ በሞቃቱ ወራት ተደብቆ፣ ውርጭ ሲመጣ ብቻ ይታያል።

ጉዳዩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ አጣ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መሄዱ መልካም ነው። ከመንዝ ደጋ ወደ ገጠር ቀበሌ በጭቃና በድንጋይ የሚወርደው መንገድ ግን ዛሬም የሚኖረው በላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ፣ በአሮጌ ሃይለክስ፣ አልፎ አልፎም በላንድ ሮቨር ነው። እነዚህ መኪኖች በቅርብ አይተኩም። ከመካከላቸው የወረዳ አምቡላንስ የሆኑት አሉ። ሌሊት ምጥ ለያዛት እናት የተጠራ አምቡላንስ ሰው ተሰብስቦ እስኪገፋው ድረስ የሚጠፋው ጊዜ በምንም አይመለስም። ስለዚህ የብርድ አነሳሱን ችግር እንደ ሹፌሩ የግል ጣጣ ብቻ ልናየው አንችልም።

መጀመሪያ ስለ መርጋቱ እንነጋገር። ናፍጣ በውስጡ ፓራፊን የሚባል የሰም ዘር አለው። በበቂ ከቀዘቀዘ ሰሙ ተለይቶ ይወጣና ናፍጣውን ያደፈርሰዋል፤ ይበልጥ ከቀዘቀዘ ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ይደፍናል። ለሞቃት ወራት የተዘጋጀ ተራ ናፍጣ መደፍረስ የሚጀምረው እንደ አመጣጡ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ፊልትሮ ለመድፈን ደግሞ ሌላ ጥቂት ዲግሪ መውረድ አለበት። በአሜሪካ ሚኒሶታ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ናፍጣ በእርግጥ ይረጋል፤ ለዚህም ለክረምት የተዘጋጀ ናፍጣ ይቀዳሉ፣ ማዳኛ ኬሚካል ይጨምራሉ፣ ሞተሩን የሚያሞቅ መሣሪያ ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተው ያሳድራሉ። ምክራቸው በስልክና በቪዲዮ ወደ እኛ ሲደርስ ቃሉ እንጂ ብርዱ አብሮ አይመጣም። በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጠርቶ ባደረባቸው ሌሊቶች፣ ንጋት ላይ ለጥቂት ሰዓት ነው። እስከ ማታ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ በብዙ አሥር ሊትር የሚቆጠር ናፍጣ የያዘ ታንከር በዚያ አጭር ጊዜ እስከ መርጋት አይቀዘቅዝም።

ማመን ለሚቸግረው ሰው ፈተናው ቀላል ነው። ከታንከሩ የተቀዳ ናፍጣ በሚያሳይ ጠርሙስ አድርጎ፣ ከመኪናው አጠገብ ደጅ ማሳደር ነው። ማለዳ ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ፤ ያ ጠርሙስ ከታንከሩ ይበልጥ ቀዝቅዞ አድሯልና። ሰነጢ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ወይም በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ለሚያድር መኪና ብርዱ ይበረታል፤ እዚያም ቢሆን ጠርሙሱን ማየት ከመገመት ይሻላል።

በደጋችን በእርግጥ የሚረጋ ነገር ቢኖር ናፍጣው ውስጥ የተቀላቀለው ውሃ ነው። ውሃ ዜሮ ላይ በረዶ ይሆናል። በበርሜልና በጄሪካን እየተገለበጠ የሚሸጥ ናፍጣ ውሃ ሳይዝ አይቀርም። ግማሽ ድረስ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንከርም በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ጤዛ ያወርዳል። ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ፊልትሮው ሥር ይቀመጣል፤ ውርጭ ሲመታው መተላለፊያውን ይዘጋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ታንከሩን ጠዋት ከመሙላት ይልቅ ማታ መሙላት፣ በፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማስወገጃ ብሎን በየሳምንቱ ከፍቶ ማፍሰስ። ብዙ መኪኖች ላይ ያቺ ብሎን ተከፍታ አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚያገኘው ብልጭታ ከሚሰጠው ከካንዴላ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም፤ እሳቱን የሚፈጥረው አየርን አምቆ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ከ20 ጊዜ በላይ ተጨምቆ ይግላል፤ በዚያ የጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ናፍጣ ጊዜ ከተሰጠው ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በራሱ ይነዳል። ሞተር ውስጥ ግን ያለው ጊዜ የሰከንድ ሽራፊ ስለሆነ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል።

ሻካራ ስሌት እንሥራ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 22 ጊዜ ሲታመቅና ሞተሩ በደኅና ፍጥነት ሲዞር ሙቀቱ በመጨረሻ 470 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የውጭው አየር ዜሮ ቢሆን 420 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በውጭ 20 ዲግሪ መቀዝቀዝ በውስጥ 50 ዲግሪ ያህል አስቀንሷል። ይህ መኪና ያስቸግራል እንጂ አያቆምም። አሁን ደግሞ በዚያው ዜሮ ዲግሪ ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ሞተሩን በዝግታ ያዙረው እንበል። አየሩ እየታመቀ ሳለ ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፤ ከፊሉ አየር በፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) ጎን ሾልኮ ይወጣል። ያን ጊዜ የመጨረሻው ሙቀት ወደ 240 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስሌቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ሚዛኑን ግን ያሳያል። የአየሩ ብርድ የወሰደው 50 ዲግሪ ነው፤ የሞተሩ ዝግታ የወሰደው ደግሞ 180 ነው። «ብርዱ ነው» የሚለው ሹፌር ትንሹን ሌባ ይዞ ትልቁን እየለቀቀ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ደጋ ሌላ ጫና አለው፤ ከፍታ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሳሳ የሚይዘውም ሙቀት ያንሳል፤ የብረቱ ግድግዳ ከዚያች ጥቂት ሙቀት የሚቀማው ድርሻ ይጨምራል። ግፊቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ናፍጣው ለመቀጣጠል የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ሚሌ ወይም አዋሽ ላይ በግማሽ ዙር የሚነሳ ላንድ ክሩዘር ደብረ ብርሃን ላይ ቢያስቸግር አያስገርምም። በቆላ ሁለት ካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቀው መሣሪያ) ተቃጥሎበት ምንም ሳይታወቅ የኖረ ሞተር ደጋ ሲወጣ ይጋለጣል።

ካንዴሌታ ያልነው መካኒኮቻችን ግሎው ፕላግም የሚሉትን ነው። ቁልፉ ሲከፈት በኤሌክትሪክ እየጋለ፣ ጫፉ በሰከንዶች ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ቀጭን ብረት ነው። ሁሉም የናፍጣ ሞተር እኩል አይፈልገውም። በአገራችን እጅግ የተለመደው የላንድ ክሩዘር ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ዋን ኤች ዜድ፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ይረጫል፤ እሳቱ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። አሠራሩ ሞተሩን ለስላሳና ታጋሽ ያደርገዋል፤ ናፍጣ መራጭም አይደለም። ክፍያው ግን ማለዳ ነው። የጋለው አየር በጠባብ ጉሮሮ አልፎ ወደዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ሙቀቱን እዚያ ይጥላል። ስለዚህ ካንዴሌታው የሌለ ዋን ኤች ዜድ በደጋ ማለዳ ይነሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የአሮጌዎቹ ሃይለክሶችና የኒሳን ፓትሮሉ ባለ 4.2 ሊትር ሞተርም ወገናቸው ያው ነው። እንደ ላንድ ሮቨር 300 ቲ ዲ አይ ያሉት በቀጥታ የሚረጩት ግን ካንዴሌታቸው ደከም ቢል እንኳ ብዙ ጊዜ ይነሳሉ።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር ክሩስኮቱ (በሹፌሩ ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ የምትበራው የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስል ቢጫ መብራት ናት። በርታ ከጠፋች ካንዴሌታዎቹ ግለዋል ማለት ይመስላል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ላይ መብራቷ የምትታዘዘው በሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ስድስቱም ካንዴሌታዎች ተቃጥለው ቢሆን በሰዓቷ ትበራለች፣ በሰዓቷ ትጠፋለች። እውነቱን የሚናገረው ራሱ ካንዴሌታው ነው። የሚያያይዛቸውን የብረት ዘንግ ፈትቶ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በመፈተሻ አምፖል በኩል እያንዳንዱን ጫፍ መንካት ነው። አምፖሉ ከበራ የውስጡ ሽቦ አልተበጠሰም። ካልበራ ያ ካንዴሌታ ሞቷል። ይህ ከአሥር ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተርም ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ደግሞም ካንዴሌታዎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ኤሌክትሪክ ላይደርሳቸው ይችላል፤ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ተበልቶ ወይም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ። ቁልፉ ሲከፈት ሪሌው «ቀጭ» ሲል መስማት፣ ዘንጉ ላይም ቮልት መድረሱን መለካት ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ካንዴሌታ ሲገዛ ቮልቱን ማንበብ የግድ ነው። በአገራችን ባለ 12 ቮልትም ባለ 24 ቮልትም ላንድ ክሩዘር አለ። የ24 ቮልቱን 12 ላይ ያሰረ ሰው መፈተሻ አምፖል የሚያበራ ግን የማይግል ካንዴሌታ ይዞ ወራት ይቸገራል፤ የ12 ቮልቱን 24 ላይ ያሰረ ደግሞ በመጀመሪያው ማለዳ ያቃጥለዋል። በጣም አሮጌ የናፍጣ ላንድ ሮቨር ያለው ሰው ሌላ ነገር ይወቅ፤ በእነዚያ መኪኖች ካንዴሌታዎቹ አንዱ ከአንዱ ተያይዘው በተርታ የታሰሩ ናቸው። አንዱ ሲበጠስ አራቱም ይሞታሉ።

ምን እንደጎደለ ለማወቅ የመፍቻ ቁልፍ ከመያዝ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ኋላ ቆሞ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይይ። ለእኔ ከማንኛውም ፈተና በፊት መምጣት ያለበት ይህ ነው፤ ዋጋም አያስከፍልም። ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደሩ ውስጥ አልገባም። ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ናፍጣው ገብቷል፣ ግን የሚያቀጣጥለው ሙቀት አጥቶ እንደ ጉም ይወጣል። የመጀመሪያው የናፍጣ መስመር ችግር ነው፤ ሁለተኛው የሙቀት። «ናፍጣው ረግቷል» የሚባልባቸውን መኪኖች ቀረብ ብሎ ላየ አብዛኞቹ ያን ነጭ ጭስ ሲተፉ ያገኛቸዋል። ጭሱ ራሱ ምስክር ነው፤ የረጋ ናፍጣ ጭስ ሆኖ ሊወጣ አይችልም።

ነጭ ጭስ ካለ እንግዲህ ፍለጋው ወደ ካንዴሌታ፣ ወደ ባትሪና ወደ ሞተሪኖ፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ ድካም ይሄዳል። ካንዴሌታውን አይተናል። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ ከሙሉ ጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ በዚያችው ሰዓት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ለመዞር ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ቆላ ላይ የሚመቸውን ቁጥር 40 ዘይት ወይም 20 ደብሊው 50 ይዞ መሐል ሜዳ የሚያድር መኪና ሞተሪኖውን እያሰቃየ ነው፤ በብርድ ቀጠን የሚለው 15 ደብሊው 40 ለደጋው ይሻላል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል። ቁምነገሩ ግን ሞተሪኖው ሲዞር የሚያሳየው ነው፤ ያን ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይ ደክሟል ወይ አልሞላም። በባለ 24 ቮልቶቹ ሁለቱ ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱን ብቻ አዲስ መግዛት ቁጠባ አይደለም። አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፤ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ።

ባትሪ ከመለወጥ በፊት ገመዱ ይታይ። በተለይ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው የማሳ ገመድ ዝጎ፣ ላልቶ፣ ቀለም ላይ ታስሮ ይገኛል። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከተለካ ጉልበቱ ገመዱ ላይ እየቀረ ነው። በዚህ ምክንያት ደኅና ባትሪ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ይጣላል፤ አዲስ ተገዝቶም ችግሩ አይሄድም። ባትሪ የዛሬው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ የሚያንገበግብ ብክነት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካንዴሌታና ባትሪ እርስ በርስ ይፎካከራሉ። ስድስት ካንዴሌታ በአንድነት ከባትሪው ብዙ ጅረት ይስባሉ። ባትሪው ብርቱ ከሆነ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሁለት ዙር ማጋል በብርድ ቀን ይጠቅማል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ግን ሦስት አራት ዙር ያጋለ ሹፌር ለሞተሪኖው የሚተርፍ ጉልበት አያገኝም። መብራትና ማሞቂያ አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ አንዴ በደንብ አግሎ መሞከር ይሻላል።

ምንም ጭስ ካልወጣ ምርመራው ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ተጠርጣሪው በመስመሩ የገባ አየር ነው። በአሮጌ መኪና ከታንከር እስከ ፓምፑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችው የእጅ መግፊያ ጎማዋ ይደርቃል፤ በኢንጀክተሮቹ (በናፍጣ መርጫዎቹ) መካከል ያለችው ቀጭን የመላሽ ቱቦ ትላላለች። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ላይኖር ይችላል፤ አየር ግን ከናፍጣ በቀጠነ ክፍተት ይገባል። ሌሊቱን ናፍጣው ቀስ ብሎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ቦታውን አየር ይይዘዋል። ማለዳ ሞተሪኖው ያን ሁሉ አየር እስኪያስወጣ ባትሪው ያልቃል። መለያው ግልጽ ነው፤ ከማስነሳት በፊት የእጅ መግፊያውን እስኪጠነክር ድረስ ገፍቶ፣ ከዚያ በአንዴ ከተነሳ ጥፋቱ የአየር ነው። መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ሲያድር ብሶ፣ ወደ ታች ሆኖ ሲያድር ከተሻለውም እንዲሁ። በቁልቁለት የማሳደር ልማድ አንዳንዴ የሚሠራው ለመንደርደር ስለሚረዳ ሳይሆን ናፍጣው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያደርግ መሆኑን ብዙ ሹፌር አያስተውለውም። የቱቦ መለወጫ ዋጋ ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አየሩ ተፈልጎ ካልተገኘ በፓምፑ ላይ ያለችውን፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራውን የናፍጣ መዝጊያ ማየት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ካልጮኸች ወይም ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ናፍጣው በር ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ካንዴሌታውም፣ ባትሪውም፣ ገመዱም ደኅና ሆኖ ነጩ ጭስ ከቀጠለ ግን ወሬው ወደ ሞተሩ ዕድሜ ይሻገራል። ፋሻ የበላ፣ ቫልቩ በደንብ የማይከደን ሞተር አየር አምቆ አይይዝም። በዋን ኤች ዜድ ላይ የጥርስ ቀበቶው እንደ ሞዴሉ ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። የቆየ ቀበቶ፣ ወይም ሲለወጥ ምልክቱ ላይ በትክክል ያልተገጠመ ቀበቶ የመርጫውን ሰዓት ያዘገያል፤ ናፍጣው ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ቢረጭ ሙቀቱ አምልጦታል። መጭመቂያውን በመለኪያ ሳይለኩ «ሞተሩ ሞቷል፣ ይፈታ» የሚል ፍርድ መስጠት ግን ተገቢ አይደለም። ልኬቱ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ሞተር መፍታት ደግሞ ዓመታዊ በጀት ይበላል።

ስለ አቋራጮቹ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ብዙ ሞተር የሞተው በእነሱ ነው። ቤንዚን ወይም ከውጭ የሚመጣው የማስነሻ ስፕሬይ በጋለ ካንዴሌታ ላይ ሲደርስ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ የሚመታው ያ ፍንዳታ ፋሻ ይሰብራል፣ በቴስታታው ውስጥ ያለችውን ክፍል ይሰነጥቃል። ፋሻው የተጎዳ ሞተር ደግሞ በሚቀጥለው ማለዳ ይበልጥ ቤንዚን ይፈልጋል። እንዲህ እያለ በአንድ ወቅት ካንዴሌታ ብቻ ጎድሎት የነበረ ሞተር በእርግጥ ይሞታል። ነጭ ጋዝ መቀላቀሉም አይረዳም፤ አሮጌው ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ቅባት የሌለው ነገር ሲሄድበት ውስጡ ይፋቃል። ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ ዘይቱን ያቀልጣል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያሉት የናፍጣ ቱቦዎች የሚያንጠባጥቡ ከሆነ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። ገፍቶ ማስነሳትም ቢሆን በቀበቶ በሚሠራ ሞተር ላይ፣ በተለይ ቀበቶው ካረጀ፣ ጥርሱን ሊያዘልለው ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩን በሚኒሞ (ያለ ነዳጅ መርገጥ በዝቅተኛ ዙር) አስነስቶ ማሳደር ናፍጣ ከመፍጀቱ ሌላ ቀዝቃዛ ሞተርን ጥቀርሻ ያስውጠዋል።

ሌላ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ የሚተላለፍ ልማድ ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠር መዝጊያ) አውልቆ መጣል ነው። ለቆላ ሙቀት ይረዳል ተብሎ የወለቀ ቴርሞስታት በደጋ ሞተሩ ሙቀቱን እንዳይዝ ያደርገዋል። የተነሳው ሞተር ረጅም ሰዓት ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እየተንገራገጨ ይሄዳል፤ ያልነደደው ናፍጣም የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በዋን ኤች ዜድ ፓምፕ ጎን ደግሞ በራዲያተር ውሃ ሙቀት የሚሠራ የብርድ ማስነሻ መሣሪያ አለ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የመርጫውን ሰዓት ቀደም አድርጎ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ቱቦዎቹን «ትርፍ ናቸው» ብሎ መዝጋት ያለ አገልግሎት ያስቀረዋል።

የመንግሥትና የድርጅት መኪኖች ላይ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። የመስክ መኪና ጥገና ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ካንዴሌታ ይለወጥልኝ ብሎ በጥቅምት የሚጠይቅ ሹፌር «ታዲያ ይነሳ የለ?» ይባላል። መኪናው በታኅሣሥ ሲቆም ግን ግዢው ውድድር፣ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያና ፊርማ ይፈልጋል፤ እስከዚያው ድረስ መኪናው በቤንዚን ጨርቅ ይነዳል። ቢያንስ ለደጋ ወረዳ አምቡላንሶች ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ውርጭ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ካንዴሌታዎቹ በአምፖል ይፈተሹ። አብረው የገቡ ስድስት ካንዴሌታዎች ዕድሜያቸው ስለሚቀራረብ ሁለቱ ከሞቱ ስድስቱም አብረው ይለወጡ። ባትሪው ሞተሪኖው እየዞረ ይለካ፣ የማሳ ገመዱ ተፈትቶ ይጽዳ፣ የፊልትሮው ውሃ ይፍሰስ፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ በእጅ ታጥፈው መሰንጠቃቸው ይታይ። ለዚህ ሁሉ የአንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ውጤቱም በመኪናው ማኅደር ላይ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሹፌር ሲረከባት ምን እንደተለወጠ እንዲያውቅ።